ከቦሌ እስከ ኮታካል፦ የወፍ በሽታ ህክምናን ተከትሎ በኬረላ ዘጠኝ ቀን

ሐምሌ 5፤ ቦሌ፣ ሙምባይ፣ ኮቺ

የህንዱ ባህላዊ ህክምና፣ አዩርቬዳ፣ የወፍ በሽታን እንዴት እንደሚያክም ለማየት ነው ወደ ደቡብ ህንዷ ኬረላ ግዛት የሄድነው። ህንድ ለሚገባ ኢትዮጵያዊ ከፓስፖርቱ ቀጥሎ የሚጠየቀው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው። ክትባቱ ከተወሰደ 10 ቀን ካልሞላው ካርዱ እንደሌለ ይቆጠራል፤ ባለቤቱም እስከ 6 ቀን ለይቶ ማቆያ ሊገባ ይችላል። ሙምባይ ላይ ከሰልፉ የተለየው ጎልማሳ የተከተበው ከመነሳቱ 4 ቀን በፊት ነበር። ጉበቱን ሊታከም መጥቶ፣ ዓይን ቢጫ በሚያደርግ ሌላ በሽታ ካርድ መታገዱ ያሳዝናል፤ ትንሽ ደግሞ ያስቃል።

ከካርዱ ይልቅ ብዙ ሰው ረስቶት የሚመጣው የምርመራ ወረቀት ነው። «የወፍ በሽታ» የምንለው አንድ በሽታ አይደለም። ደም ውስጥ ያለው ቢሊሩቢን (ጉበት በሐሞት የሚያስወጣው ቢጫ ነገር) ጤነኛ ሰው ላይ እስከ 1.2 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፤ 2 ወይም 3 ሲደርስ የዓይን ነጩ ይቀየራል። ያ የሚያሳየው ሐሞት መንገዱን መሳቱን እንጂ ያሳተው ማን እንደሆነ አይደለም። የጉበት ቫይረሶቹ ሄፓታይተስ ኤ እና ኢ በተበከለ ውሃና ምግብ ገብተው፣ በአብዛኛው ሰው ላይ በሳምንታት ውስጥ በራሳቸው ይለቃሉ። ቢ እና ሲ በደም፣ ቢ ደግሞ በግብረ ሥጋና ከእናት ወደ ልጅም ይተላለፋሉ፤ ሥር ከሰደዱ ለዓመታት ይቆያሉ። ስለዚህ አገር ቤት ሳሉ የአራቱንም ምርመራ፣ ቢሊሩቢኑን (ጠቅላላውንም ቀጥተኛውንም)፣ የጉበት ኢንዛይሞችን፣ የደም መርጋት ጊዜ መለኪያ የሆነውን አይኤንአርን እና የሆድ አልትራሳውንድን አሠርቶ መያዝ ነው። የትኛውም ሐኪም የልብ ትርታ ዳስሶ ቢን ከኤ አይለይም፤ ይለያል የሚል ካለ ከዚያ ቤት መውጣት ይሻላል።

ከሙምባይ ኮቺ የሁለት ሰዓት በረራ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ፎርት ኮቺ ታክሲ 1,400 ሩፒ ጠየቀ። አንድ ሩፒ ያኔ ከብር ተኩል ትንሽ ይበልጥ ነበር።

ሐምሌ 6፤ ፎርት ኮቺ

ዝናቡ የአዲስ አበባው ሐምሌ ዘመድ ነው፤ ሙቀቱ ግን ላብን ከዝናብ መለየት እስኪያቅት ድረስ ነው። የመጪው ወር ስም እዚህ ካርኪዳካም ነው፤ ከሐምሌ 10 አካባቢ ጀምሮ አንድ ወር ይቆያል። ኬረላዎች የዓመት ህክምናቸውን የሚያደርጉት በዚሁ ወር ነው። በየሱቁ የካርኪዳካም ገንፎ ማብሰያ በፓኬት ተሰቅሏል፦ ሩዝ፣ አብሽ፣ ከሙን፣ ቅጠላ ቅጠል። አብሹ ሲፈላ የሚሸተው ሽታ ወዲያው አራስ ቤት ይወስዳል። ነገር ግን ይህ የጤነኛ ሰው ማጠናከሪያ ነው። በኮኮናት ወተት ስለሚሠራ ጉበቱ ለታመመና ለሚያቅለሸልሸው ሰው ይከብዳል፤ «የአዩርቬዳ ምግብ ነው» ተብሎ ብቻ አይታዘዝም።

ምሳ በሙዝ ቅጠል ላይ፣ 110 ሩፒ። ከምግቡ ጋር የመጣው ውሃ ሮዝ ነበር። ፓቲሙገም ይሉታል፤ የአንድ ዛፍ እንጨት ፍቅፋቂ የተፈላበት ነው፣ ለብ ብሎ ይቀርባል። ቀለሙ ውሃው ለመፍላቱ ምልክት ተደርጎ ይታያል፤ ወጥመዱም እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ ቤቶች የፈላውን ቶሎ ለማቀዝቀዝ ጥሬ የቧንቧ ውሃ ይቀላቅሉበታል። ቀለሙ አይለቅም፣ ቫይረሱ ግን ይገባል። የሄፓታይተስ ኤ ቫይረስ ለብ ያለ ውሃ አይገድለውም፤ መንተክተክ አለበት። በ2024 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በኤርናኩላምና በማላፑራም አውራጃዎች የወፍ በሽታ ወረርሽኝ ተነስቶ ስለነበር የጤና ሠራተኞቹ ይህንን «አትቀላቅሉ» የሚለውን ነገር እንደ ዘፈን ነው የሚደጋግሙት። የሰርግ ቤት ጭማቂ ላይ የሚጨመር በረዶም እንደዚሁ። በሽታው ከገባ በኋላ ከ15 እስከ 50 ቀን አድፍጦ ስለሚቆይ፣ ሰው የታመመበትን ሰርግ ረስቶ የትናንቱን እራት ይወቅሳል። እኛ ዘንድ የሌሊት ወፍ እንደምትወቀሰው።

ፎርት ኮቺን ያነሳነው ለእይታ ብቻ አይደለም። የደች ገዥ የነበረው ሄንድሪክ ቫን ሬዴ የማላባርን ዕፅዋት በ12 ቅጽ ያሰባሰበው እዚህ ተቀምጦ ነው፤ አምስተርዳም ላይ ከ1678 እስከ 1693 ታተመ። ዕፅዋቱን ከነጥቅማቸው የነገረው ኢቲ አቹደን የተባለ የአገሬው መድኃኒት አዋቂ ነበር። የወፍ በሽታ ቅጠል የሚባለው እዚያ መጽሐፍ ውስጥ «ኪርጋኔሊ» ተብሎ ሰፍሯል። የዛሬ ስሙ ኪዣርኔሊ ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ሐምሌ 7 እና 8፤ ትሪሹር

በባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም። ጣቢያው ላይ ባጃጅ መነሻው 30 ሩፒ ነው፤ ከ1 ኪሎ ሜትር ተኩል በኋላ ይጨምራል። ሾፌሩን «ቼታ» (ታላቅ ወንድሜ) ብሎ መጥራት እዚህ ከመከራከር የበለጠ ዋጋ ያስቀንሳል።

የመንግሥት የአዩርቬዳ ሆስፒታል የተመላላሽ ካርድ 10 ሩፒ። ወረፋው ረጅም ነው፣ ግን ይሄዳል። ሐኪሞቹ አምስት ዓመት ተኩል የተማሩ ናቸው፤ የመጨረሻው ዓመት የተግባር ልምምድ ነው፣ የላቦራቶሪ ወረቀትም አንብበው ያዝዛሉ። የወፍ በሽታ ይዞ ለመጣ ሰው ግን የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ወረቀቱ አይደለም፤ «ሰገራህ ምን ዓይነት ቀለም አለው?» ነው። በአስተርጓሚ የሚታከም ኢትዮጵያዊ እዚህ ላይ ያፍርና «ደህና ነው» ይላል። ህክምናው መስመር የሚስተው በዚያች መልስ ነው።

ምክንያቱን ለማየት የጥንቱን የህንድ ሐኪም የቻራካን የህክምና መጽሐፍ ማስታወስ ነው። የወፍ በሽታ እዚያ «ካማላ» ይባላል፤ ሁለት መልክ አለው። በአንደኛው ሐሞት በዝቶ ገንፍሏል፦ ዓይን፣ ጥፍር፣ ፊት እንደ እርድ ይሆናሉ፤ ሽንትና ሰገራ ወደ ቀይ ያደላ ቢጫ ነው፤ በሽተኛው «የእንቁራሪት መልክ» ይይዛል። በሁለተኛው መንገዱ ተዘግቷል፦ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሰገራው ነጣ ያለ፣ የተፈጨ ሰሊጥ የመሰለ ነው። ሐሞት አንጀት አልደረሰም ማለት ነው።

ህክምናቸው ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል። ለመጀመሪያው መራራና ቀዝቃዛ ነገር፣ ቀስ ብሎ የሚያስቀምጥ። ለሁለተኛው በመጀመሪያ የሚያቃጥልና የሚጎመዝዝ፦ ዝንጅብል፣ ጥምዝ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ የትርንጎ ጭማቂ፣ ማር፤ የደረቅ ፍጁልና የባቄላ መሰል ጥራጥሬ ሾርባ። የሰገራው ቀለም እስኪመለስ ድረስ በዚህ ይቆይና ከዚያ ወደ መራራው ይዞራል። ቀለሙ ሳይመለስ ማስቀመጫ መስጠት የተዘጋ በር ላይ ሰው መግፋት ነው።

ዘንድሮ ያለ ጥሩ ሐኪም ታዲያ ነጣ ያለ ሰገራ ሲሰማ ዝንጅብሉን ከማዘዙ በፊት አልትራሳውንድ ያዝዛል። በሄፓታይተስ ኤ መካከልም ሰገራ ለጥቂት ቀን ሊነጣ ይችላል፤ ነገር ግን የሐሞት ቧንቧ ጠጠርና ቆሽት ላይ የወጣ ዕጢም ይኸው መልክ አላቸው። እነዚህን ቅመም አይከፍታቸውም። በተለይ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖ፣ ያለ ሕመም ቀስ እያለ ቢጫ የሆነና ሰውነቱን የሚያሳክከው ሰው ቀጥታ ወደ ቀዶ ጥገና ሐኪም ነው።

ማስቀመጡ ቪሬቻና ይባላል፤ ለካማላ ዋናው እሱ ነው። በሙሉ ሥርዓቱ ሲሠራ ከ3 እስከ 7 ቀን መድኃኒት የገባበት ቅቤ በየጠዋቱ መጠኑ እየጨመረ ይጠጣል፣ ሰውነት በእንፋሎት ይታሻል፣ ከዚያ በአንድ ጠዋት ማስቀመጫው ይሰጣል። በአጣዳፊው የቫይረስ ጊዜ ግን በሽተኛው የምግብ ሽታ እንኳን ስለሚያስመልሰው ቅቤው ይዘለላል። በምትኩ አቪፓቲ የሚባለው ዱቄት ከ5 እስከ 10 ግራም በለብ ውሃ ይሰጣል፤ በቀን ሁለት ሦስቴ ለስለስ አድርጎ ማስወጣት ይበቃል። የኛ ሰው ኮሶ የለመደ ስለሆነ «ካልጠረገኝ አልሠራም» ይላል። ነርሷ የነገረችን አንድ በሽተኛ መጠኑን በራሱ እጥፍ አድርጎ 14 ጊዜ ወጥቶ፣ ማታ በጉሉኮስ ተኝቷል። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ጉበቱ የደከመ ሰው ውሃና ፖታሲየም ሲያጣ ጭንቅላቱ ሊደናገር ይችላል። ለነፍሰ ጡር፣ ለደከመ ሽማግሌና አይኤንአሩ ከፍ ላለ ሰው ቪሬቻና አይሰጥም። ሄፓታይተስ ኢ የያዛት ነፍሰ ጡርማ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት እስከ 25 በመቶ የሚደርስ የመሞት አደጋ ስላለባት ቦታዋ ትልቅ ሆስፒታል ነው።

ሐምሌ 9፤ ከትሪሹር ኮታካል

80 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአውቶቡስ ከሦስት ሰዓት በላይ። መንገዱ በኩናምኩላም አድርጎ ኩቲፑራም ላይ የባራታፑዣን ወንዝ ይሻገራል፤ ወንዙ በክረምት ቡናማ ሆኖ ዳር እስከ ዳር ሞልቷል። የአውቶቡሱ መስኮት መስታወት የለውም፤ ዝናብ ሲመጣ የሚወርድ የሸራ መጋረጃ ነው ያለው፤ የኛ ወንበር መጋረጃ ገመዱ ተበጥሶ ነበር። ቫላንቼሪ አልፎ ጎማ ፈነዳ። በዚያው ምክንያት ነው የጉዞውን ምርጥ ነገር ያየነው፦ ከመንገዱ ሥር በውሃ የተሞላ የሩዝ ማሳ፣ ውስጡ የሚጮሁ ትልልቅ እንቁራሪቶች። ወንዶቹ በዝናብ ወራት ለመራቢያ ሎሚ የመሰለ ብሩህ ቢጫ ይሆናሉ፤ ጉንጫቸው ሥር ያለው ከረጢት ሰማያዊ ነው። የቻራካ «የእንቁራሪት መልክ» እስከዚያ ቀን ድረስ ግራ የሚያጋባ ምሳሌ ነበር፤ የኛ እንቁራሪት አረንጓዴ ወይ አፈርማ ነውና። እነዚህን ያየ ሰው ምሳሌው ከየት እንደመጣ አይጠይቅም።

ሐምሌ 10 እስከ 12፤ ኮታካል

ከተማዋ የመድኃኒት ከተማ ናት። የአዩርቬዳ ሐኪሙ ፒ. ኤስ. ቫሪየር በ1902 አርያ ቫይድያ ሳላ የተባለውን የመድኃኒት ተቋም ያቋቋሙት እዚህ ነው፤ ያኔ አዲስ የነበረው ሐሳብ በሽተኛው ራሱ ከሚያፈላው ይልቅ ተዘጋጅቶ በጠርሙስ የሚሸጥ መድኃኒት ማቅረብ ነው። በ1924 በነጻ የሚያክም ሆስፒታል ጨመሩበት። ዛሬም ጠዋት ከተማው ውስጥ ሲሄዱ አየሩ የተቀቀለ ሥር ይሸታል።

ለወፍ በሽታ በብዛት የሚታዘዘው ቫሳጉሉቹያዲ ካሻየም ነው፤ የስምንት ነገር ቅቅል፦ አዳሎዳካም፣ ቺታምሩቱ፣ ኒም፣ ኪሪያቱ፣ ካዱኩሮሂኒ እና ትሪፋላ የሚባሉት ሦስት ፍሬዎች። የመጀመሪያውን ቅጠል ያየ ኢትዮጵያዊ ይቆማል። አዳሎዳካም ከሰንሰል ጋር አንድ ወገን ነው፤ ረጅም ቅጠሉ፣ አፉን የከፈተ የሚመስለው ነጭ አበባው፣ አጥር መሆኑ ሳይቀር። ሰንሰልን (ስሚዛ የሚለውም አለ) የኛ መድኃኒት አዋቂዎች ለወፍ በሽታ ቅጠሉን ጨምቀው ይሰጣሉ። ሁለት አገር ሳይነጋገር አንድ ወገን ተክል ለአንድ በሽታ መምረጡ ልብ ይነካል፤ ለመዳኑ ማስረጃ ግን አይሆንም። ልዩነቱ መጠን ላይ ነው፤ እዚህ በግራም፣ እኛ ዘንድ በእፍኝ።

ቅቅሉ በቤት ሲሠራ እንዲህ ነው። 48 ግራም የተከካ ደረቅ ድብልቅ፣ 768 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ወደ አንድ ስምንተኛ ማለትም 96 ሚሊ ሊትር ይወርዳል፤ ተጣርቶ ግማሹ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ግማሹ ማታ ከእራት በፊት፣ ቀዝቀዝ ሲል በትንሽ ማር። ብልሃቱ እንጨት ነው። መጀመሪያ 96 ሚሊ ሊትር ውሃ ከመድኃኒቱ ጋር ድስቱ ውስጥ ይደረግና ንጹሕ እንጨት ቀጥ ተደርጎ ይነከራል፤ እርጥቡ ያለቀበት ላይ በቢላ ይጫራል። ከዚያ የቀረው ውሃ ይጨመራል፤ ሲፈላ ቆይቶ እንጨቱ ሲነከር ውሃው ጭረቱ ላይ ከደረሰ አለቀ። ድስቱ አይከደንም፣ እሳቱ ለስለስ ይላል፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል።

የሚበላሸው እንዴት ነው? የኛ የመጀመሪያው ሙከራ ከድኖ በማፍላት ሄደ፤ ውሃው አልቀነሰም፣ ከዚያ እሳት ሲጨመር ሥሩ ያዘና አረረ። ያረረውን በውሃ አቅጥኖ መጠጣት አይሆንም፤ ይደፋል። ዱቄት ሆኖ የተፈጨ ከተገዛ ጭቃ ይሆናል፣ አይጣራም፤ የሽሮ ክክ ያህል የተከካ መሆን አለበት። ያደረ ቅቅል በዚህ ሙቀት ይኮመጥጣል፤ በየቀኑ ነው የሚፈላው። ጠርሙሱ (200 ሚሊ ሊትር፣ 150 ሩፒ አካባቢ) ይህን ድካም ያስቀራል፦ 15 ሚሊ ሊትር በ60 ሚሊ ሊትር ለብ ውሃ፣ በቀን ሁለቴ። ምሬቱ የግራዋ ነው፤ ከግራዋም የካዱኩሮሂኒው ድርሻ ይብሳል። ያ ሥር ከሂማላያ ከፍታ ነው የሚለቀመው፣ እየመነመነ ስለሆነ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው፤ ስለዚህ ውድ ነው፣ ስለዚህ ይቀየጣል። ርካሽ ድብልቅ አፍ ላይ ካልመረረ ጥርጣሬ ነው።

ምግቡ ፓቲያም ይባላል። ሩዝ በ14 እጅ ውሃ የተቀቀለ ቀጭን፤ የምግብ ፍላጎት ሲመለስ በ4 እጅ ውሃ ወፍራም፤ ከጎኑ የተቀቀለ ማሾ። ከአጥሚት ጋር ወንድም ናቸው። የመንደር አዋቂዎች ጨውና ዘይት ጨርሶ ለሳምንታት ይከለክላሉ፤ እዚህ ላይ አንስማማም፣ ያነጋገርናቸው ሐኪሞችም አልተስማሙም። ሰውነቱ የሚከሳ በሽተኛ ማስራብ ጉበቱን አያሳርፍም። አልኮል ግን በፍጹም፤ ራስ ምታት ሲመጣ ፓራሲታሞልም ያለ ሐኪም ፈቃድ አይወሰድም።

ኪዣርኔሊን ያየነው የዕፅዋቱ ግቢ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ በየግድግዳው ሥር፣ በየቦዩ ዳር። ሽንብራ የመሰለ ቅጠል ያላት ጉልበት የማትደርስ አረም ናት። ስሟ «ከሥር ያለ አምላ» እንደማለት ነው (አምላ ጎምዛዛ የህንድ ፍሬ ነው)፦ ቅርንጫፉ ሲገለበጥ ጥቃቅን ክብ ፍሬዎች በቅጠሎቹ ሥር ተሰልፈው ይታያሉ። አብራት የምትበቅል መሳይ አለች፤ ግንዷ ወደ ቀይ ያደላል፣ ፍሬዋ ሸካራና ያለ ዘንግ ግንዱ ላይ የተለጠፈ ነው። ትክክለኛዋ ፍሬዋ ለስላሳና በአጭር ዘንግ የተንጠለጠለ ነው። አጠቃቀሟ ከነሥሯ ታጥባ ተወቅጣ፣ አንድ የአምላ ፍሬ የምታህል ድብልብል በወተት በጥብጦ ለ7 ጠዋት መጠጣት። ቦይ ዳር የተነቀለችውን ሳያጥቡ መውቀጥ ደግሞ በሽታውን ራሱን መልሶ መጠጣት ነው።

ለዚህች አረም ዝናዋን ያተረፈላት በ1988 ላንሴት የተባለ የህክምና መጽሔት ላይ የወጣ የማድራስ ጥናት ነው። የሄፓታይተስ ቢ ተሸካሚዎች ደረቅ ዱቄቷን 200 ሚሊግራም በቀን ሦስቴ ለ30 ቀን ወሰዱ፤ ከ37ቱ 22ቱ ላይ የቫይረሱ ምልክት ጠፋ፣ ባዶ መድኃኒት ከወሰዱት 23 ደግሞ ከአንዱ ላይ ብቻ። ከዚያ በኋላ በሌሎች አገሮች የተደረጉት ሙከራዎች ይህን ውጤት መድገም አልቻሉም፤ በ2011 ሙከራዎቹን ያሰባሰበ ግምገማም አሳማኝ ማስረጃ አላገኘም። ኮታካል አካባቢ ግን አሁንም የ1988ቱን ቁጥር የሚጠቅስ ሻጭ አለ፤ የኋላውን የሚጠቅስ አላጋጠመንም። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት አበሻ ይህን ይዞ ቴኖፎቪሩን (ሐኪም ያዘዘለትን የቫይረሱን መድኃኒት) እንዳያቋርጥ። ማቋረጡ ቫይረሱን በአንድ ጊዜ ሊቀሰቅስ ይችላል።

ሐምሌ 13፤ ወደ ኮቺ መመለሻ

መድኃኒት ቤት ውስጥ «ጠንካራው» ተብሎ የቀረበልን አሮግያቫርዲኒ የሚባል እንክብል ነበር። ውስጡ ሜርኩሪ፣ ድኝ፣ የተቃጠለ መዳብና ብረት አለበት፤ የአሠራሩ አካል ነው፣ ስርቆት አይደለም። በ2008 በጃማ መጽሔት የወጣ ጥናት በኢንተርኔት ከተገዙ 193 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች በ20.7 በመቶው ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ አግኝቷል። ለታመመ ጉበት ይህን የምንመርጥበት ምክንያት አይታየንም። ቅቅሉ ውስጥ ያየነው ቺታምሩቱም ብቻውን እንደ ሻይ በብዛት ሲጠጣ፣ በኮሮና ጊዜ ሙምባይ ውስጥ ጉበታቸው የተቆጣ ሰዎች ተመዝግበዋል፤ የህንድ መንግሥት የባህላዊ ህክምና ሚኒስቴር (አዩሽ) የተሳሳተ ተክል ይሆናል ብሎ ተከራክሯል። ማንኛውንም ጀምሮ በሳምንቱ የጉበት ምርመራ መድገም እዚህ በግል ላቦራቶሪ 500 ሩፒ ገደማ ነው። ኢንዛይሙ ከወረደ በኋላ እንደገና ከወጣ መድኃኒቱ ይቆማል። እንቅልፉ ቀን ወደ ማታ የተገለበጠ፣ ንግግሩ የተምታታ፣ ድዱ የደማ በሽተኛ ካለ ሳምንቱ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ትልቅ ሆስፒታል ይገባል።

ለሻንጣው አንድ ነገር። ጠርሙሶቹን በልብስ መካከል አድርገን ነበር የጫንነው፤ አንደኛው ከተከፈተ አራት ቀን ሆኖታል። ቦሌ ሲከፈት የሻንጣው ግማሽ ቡናማ ነበር፤ የተከፈተው ጠርሙስ ውስጡ ፈልቶ ክዳኑን አስፈንጥሮታል፣ ነጭ ሸሚዝ ላይ ያረፈው ደግሞ በሳሙናም በበረኪናም አለቀቀም። ደረቁ ድብልቅ፣ በ48 ግራም ተመዝኖ በላስቲክ የታሸገው፣ ሳይነካ ገብቷል።